ሁለት ድመት በአንድ ክፍል፦ አራት ኪሎ ሆኜ የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ጥቅምት 21 ቀን 2017 ማታ ነው። እስከ ዛሬ 27 መልስ መጥቶለታል። ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉን ማንበብ ያደክማል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲመች በተራ ልተርከው። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። እኔና እማዬ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ያለን አንድ ክፍልና ከጎኑ የተቀጠለች ማድቤት ናት። ዳማ የምትባል የ6 ዓመት ድመት አለችን። ዝንጉርጉር ናት። ግልገል ሆና ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ድመት ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ጥቅምት 19 ካዛንቺስ፣ ቤቶቹ በፈረሱበት በኩል ሳልፍ ከቆርቆሮ ሥር ድምፅ ሰማሁ። እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ነገር ናት፤ ደረቷ ላይ ብቻ ነጭ አለ። ኋላ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ቤት አመጣሁት።

እማዬ ደስ አላት። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አቅፋ ወስዳ ዳማ አፍንጫ ሥር አስቀመጠችው፤ ተሳስመው እንዲተዋወቁ። ዳማ ፍፍፍ አለች። ጸጉሯ ቆመ። በጥፊ አጮለችውና ቁም ሳጥን ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልበላችም፣ አልወረደችም። ግልገሉ አልጋ ሥር ገብቶ ሲያለቅስ አደረ። ይለማመዳሉ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው ብዬ ጠየቅኩ። መስጠቱ አላስቻለኝም። ዳማንም በገዛ ቤቷ ባይተዋር ማድረግ አላስቻለኝም።

1ኛዋ መላሽ ደግ ሴት ናት። አጽናናችኝ። ዝም ብዬ እንድተዋቸው መከረችኝ፤ ሁለት ቀን ተኮራርፈው በሦስተኛው አብረው እንደሚተኙ እርግጠኛ ነበረች። 2ኛው ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ነው። በእሷ ሐሳብ ተስማማ። የእሱ ሁለት ድመቶች ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት መስማማታቸውን በኩራት ጻፈ።

3ኛዋ ላይ ግን ልቆይ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በእሷ መልስ ላይ ነው። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ደብረ ዘይት የተማረች። የ1ኛዋን ደግነት አመስግና ጀመረች፣ ከዚያ ምክሩ ትክክል እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረች። 2ኛውን ደግሞ ድመቶቹ ዝምድና እንዳላቸው ጠየቀችው። ቆይቶ መለሰላት፤ እናትና ልጅ ናቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ተስማምተው በአንድ ላይ የሚኖሩ ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሴቶች ናቸው። ባዳ ሲመጣ ሌላ ነው። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ይመዘዛል። ያ እንስሳ ብቻውን አድኖ ብቻውን ይበላል። ስለዚህ ግልገሉ ለዳማ ታናሽ ወንድም አይደለም። ሳያንኳኳ የገባ ሰው ነው።

ከዚያ ስለ ሽታ ጻፈች። እኛ በዓይናችን እንተዋወቃለን፤ ድመት በአፍንጫዋ። ዳማ ጉንጯንና ግንባሯን የበሩ መቃን ላይ፣ የወንበሩ እግር ላይ፣ የእኔ ቁርጭምጭሚት ላይ የምታሸው ሽታዋን ልታሳርፍ ነው። ቤቱ የእሷ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ነው። እኛ የማታውቀውን ሽታ አምጥተን መሃል ቤት ላይ ዘረገፍነው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። 6 ዓመት አብሬያት ኖሬ ለምን እንደምትታሸኝ አላውቅም ነበር።

ምክሯ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ግልገሉ በር ተዘግቶበት ለብቻው ይቀመጥ። የራሱ ሳህን፣ የራሱ ውኃ፣ የሚጸዳዳበት የራሱ ሰጋቱራ ይኑረው። እሱ የተኛበትን ጨርቅ ለዳማ፣ የእሷን ለእሱ መስጠት። ያንን ጨርቅ አሽትታ ዝም ስትል ሁለቱን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ማብላት። በመጀመሪያ ሳህኖቹ ከበሩ ይራቁ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠጉ። ሳህኖቹ በሩ ሥር ደርሰው ሁለቱም ያለ ጭንቀት ሲበሉ በሩን ገርበብ ማድረግ። ከዚያ አምስት ደቂቃ መተያየት፤ በማግስቱ አሥር። ይህ በቀናት ሊያልቅ ይችላል። ሳምንታት ሊወስድም ይችላል። አንዳንዱ ጋ ወራት ይፈጃል። ዳማ ፍፍፍ ብትል አትቆጧት ብላ አስጠነቀቀች። ያ ማስጠንቀቂያዋ ነው፤ ብንከለክላት ሳታስጠነቅቅ መምታት ትጀምራለች።

በሩን ለመዝጋት ሁለተኛ ምክንያትም አላት። ከውጭ የመጣ ግልገል በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት በሽታ ግልገል ይፈጃል፤ ቫይረሱ በወለልና በዕቃ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መለየት፣ ክትባት ማስጀመር፣ የትል መድኃኒት መስጠት። ስለ ዳማም ጠየቀችኝ። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ጉበቷ መጎዳት ይጀምራል። ወርዳ እስክትበላ አትጠብቂ፣ ምግቡን ቁም ሳጥኑ ላይ ውሰጂላት ነው መልእክቷ። በዚያች ሌሊት ወንበር ላይ ቆሜ የተቀቀለ ዶሮ አቀበልኳት። በላች።

4ኛው መላሽ ተቆጣ። ትርፍ ክፍል ያለው ስንቱ ነው ባይ ነው። እሱ ስድስት ኪሎ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከወንድሙ ጋር ይኖራል፤ መጸዳጃ ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። ይህ ምክር ሦስት መኝታ ቤት ላለው ሰው የተጻፈ መስሎታል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው። እኔም ሐኪሟን ሳነብ በሆዴ ያልኩት ያንኑ ነው።

5ኛዋ ጨርቆስ የምትኖር ሴት ናት። ለ4ኛው መልስ ይዛ መጣች። እሷም ያላት አንድ ክፍል ነው። ሁለት የቲማቲም ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥማ በሚስማር መታች። በአንድ በኩል በር አወጣችለት። በአሮጌ አጎበር ሸፈነችው። ቀን ቀን ከላይ ነጠላ ጣል ታደርግበታለች፤ መተያየት ሲፈለግ ነጠላው ይነሳል፣ አጎበሩ ይቀራል። ሳጥኑን ያስቀመጠችው አሮጊቷ ድመት ከማትተኛበት ጥግ ነው። ግልገሉ ሳጥን ውስጥ ታስሮ እንዳይውል ደግሞ፣ አሮጊቷ ውጭ ስትወጣ ይፈታል። ይህን ያነበበ ሁሉ አመሰገናት። 4ኛውም ተመልሶ አመሰገናት፣ በዚያው ቋንቋው ለስልሶ።

6ኛው ማድቤት አለኝ ማለቴን አስተውሎ ነበር። ማድቤቱን ተጠቀሚ፣ ግን ከሰል የሚነድበት ከሆነ ግልገል እንዳትዘጊበት ብሎ አጥብቆ ጻፈ። የከሰል ጭስ ሰውንም ይገድላል፤ አንድ ኪሎ ለማትሞላ ነፍስ ምን ያህል ይበቃል? እማዬ ይህን ሳነብላት ወዲያው ተነሳች። ከሰል ማንደጃውንና ቡታጋዙን አወጣች። ለሦስት ሳምንት ያህል በረንዳ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ፣ ጋቢ ለብሳ አበሰለች። ለዚህ አንድም ቀን አላማረረችም።

7ኛው ፒያሳ ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መላሾቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ጥያቄዬን ትንሽ ነክተው ወደ ልጅነታቸው ሄዱ። በጊዮርጊስ ዙሪያ የእህል ሱቅ ያለው ሁሉ ድመት ነበረው። ድመት ለአይጥ ነበር የሚያዘው። አዲስ ድመት ሲመጣ የሚያስተዋውቅ አልነበረም፤ ጆንያ ውስጥ ከትተው አምጥተው ይለቁት ነበር። ምግቡ የተረፈ ፍርፍር ነው። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር። የሱቆቹን ጠረን ሳይቀር አስታወሱት።

8ኛዋ ወጣት ናት መሰለኝ። ፍርፍር የምትለዋን ቃል ይዛ ተነሳች። ሽንኩርት ለድመት መርዝ መሆኑን ጻፈች። አባባሏ ግን ለታላቅ ሰው የሚሆን አልነበረም፤ አንተ እያለች ነው የጻፈችው። 9ኛው መልስ የጋሼ ነው፣ ተከፍተው። በወጥ ያደጉ ድመቶቻቸው ብዙ ዓመት እንደኖሩና ሰው ባላወቀበት ነገር አዋቂ መሆን እንደሌለበት ጻፉ። 10ኛዋ ሐኪሟ ነበረች። መጀመሪያ ጋሼን ስለ ወጣቷ ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጥላ ግን ወጣቷ እውነት እንዳላት አስረዳች። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። መብሰሉ አያድነውም። አንድ ጉርሻ ወዲያው አይገድል ይሆናል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደም ያሳንሳል። እሳቸው የሚያስታውሱት የኖሩትን ነው። በልጅነታቸው ማን ድመት ሐኪም ጋ ወስዶ ለምን እንደሞተች ጠየቀ? ወተትንም ጨመረችበት። ድመት ወተት ትወዳለች፤ አድጋ ግን ብዙ ጊዜ መፍጨት አትችልም። ለግልገል የላም ወተት ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥ ደግሞ ግልገልን ባጭር ጊዜ ያደርቀዋል። ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ፣ ከሉካንዳ የሚገዛ ሳንባና ልብ ይሻላል። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ ጥቂት።

ጋሼ መልስ አልጻፉም። ግን ለሐኪሟ ምስጋና ምልክት አድርገው ነበር። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ቅር ይለኝ ነበር። ሆኖም ወጣቷ ባትነሳ ኖሮ ስንቱ አንባቢ ግልገሉን ፍርፍር ያበላ ነበር።

11ኛዋ እርጉዝ ናት። አምስተኛ ወሯ ነው። አማቷ ድመቷን ካላስወጣሽ ልጁ ይጎዳል ብለዋታል። በጣም ጨንቋት ነበር የጻፈችው። 12ኛዋ ሐኪሟ በረጅሙ መለሰች፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ስለሆነ እደግመዋለሁ። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ድመት ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ ብቻ፣ ለአንድና ሁለት ሳምንት ያህል ነው። የወጣውም ወዲያው አይዝም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰጋቱራው በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። እርጉዝ ሴት ደግሞ እሷ አትጥረገው፤ ሌላ ሰው ይጥረግ። ሌላ ሰው ከሌለ በጓንት፣ ከዚያ እጅ በሳሙና። ሰው የሚረሳው ሌላው መንገድ ጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ እየበሉ ድመት ማስወጣት ልጁን አያድነውም። በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም እንዲሁ ነው። ለአማትሽ በአክብሮት አስረጃቸው፣ ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂም ጠይቂ ብላ ጨረሰች።

13ኛው ይህን አንብቦ ክትፎ ውስጥ ገባ። ጉራጌ ነው፤ ክትፎ በሚጥሚጣና በቅቤ ስለሚታሽ ምንም አይሆንም ባይ ነው። ሐኪሟ ባጭሩ፣ እዚያው መልሱ ሥር፣ ቅመም ተሕዋሱን እንደማይገድልና ለእርጉዝ ሴት ለብለብ እንኳን እንደማይበቃ ነገረችው። ውይይቱ ከድመት ወጥቶ ስለ ክትፎ ቤት ሊሆን ሲል የውይይቱ አስተባባሪ አስቆመው።

14ኛው ፎቶ ለጠፈ። ቀላ ያለች፣ ጆሮዋ የቆመ ድመት ናት። አቢሲኒያን የምትባለዋ የዓለም ዝነኛ ዘር የኛው መሆኗንና እሱ ቤት ያለችው ንጹሕ ዘር መሆኗን ጻፈ፤ ግልገሏን ለሽያጭ ማሰቡንም። 15ኛው ታሪክ የሚወድ ሰው ነው። በጥንቃቄ አረመው። ስሙ ከኛ ተወስዷል። የሚነገረው ታሪክ ዙላ የምትባል ድመት እ.ኤ.አ. በ1868፣ ከመቅደላው ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ መወሰዷ ነው። ዙላ የእንግሊዝ ጦር የወረደበት የቀይ ባሕር ጠረፍ ስምም ነው። ዘሩ ግን የተዳቀለውና የተቀረጸው እዚያው እንግሊዝ ነው። የዘር ምርመራውም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚያመለክተው። የፒያሳ ድመት የፒያሳ ድመት ናት። እኔ ይህ ምንም እንደማያሳንሳት ጻፍኩ። ዳማ ዘር የላትም፤ አራት ኪሎ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ዓይን ያላት ግን አላየሁም።

16ኛው መልስ ሲመጣ የሁሉም ፊት ተለወጠ። ሰው ቤቱ ፈርሶ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ እናንተ ስለ ድመት አፍንጫ ታወራላችሁ የሚል ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ዞረ። ካዛንቺስ ድመቶቻቸውን ጥለው የሄዱት ሰዎች ልብ የላቸውም ሲል ፈረደ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፈው።

17ኛዋ የመለሰችው በነጋታው ነው። ከካዛንቺስ ከተነሱት አንዷ ናት። ይህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ድመቷን አልጣለችም። ካርቶን ቀድዳ፣ በገመድ አስራ፣ ከዕቃው ጋር ወደ አዲሱ ሰፈር ወሰደቻት። ደርሳ በሩን ከፈተችው፤ ልጆቹ እንዲያዩአት። ድመቷ ወጣች። በዚያው ጠፋች። ድመት ቤቷን በጠረኑ ነው የምታውቀው ስትል ሐኪሟ ከላይ የጻፈችውን አሁን ገና እንደገባት ነገረችን። ለሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ መቆየት እንደነበረባት ማን ነገራት? በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ይዛ ካዛንቺስ ተመለሰች። ፍርስራሹ መሃል እየተጣራች ዞረች። ውሮ፣ ውሮ እያለች። ጎረቤቶቿ የተበተኑበት ቦታ ላይ ብቻዋን። ሌላ ድመቶች መጡ፤ የእሷ አልመጣችም። ለ16ኛው ስድብ አልጻፈችም። ስለ ሰው ማልቀስና ስለ ድመት ማልቀስ ለእሷ አንድ እንባ እንደሆነ ብቻ ነገረችው። ስለ እኔም ጻፈች። ከቆርቆሮ ሥር አንዱን ስላነሳሁ አመሰገነችኝ።

ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። 18ኛው መልስ ራሱ የ16ኛው ነው። ይቅርታ ጠየቀ። አንድ መስመር ነበር።

19ኛው ወደ ድመት መለሰን። አዲስ ግልገል ካመጣ ወዲህ ትልቁ ወንድ ድመቱ ሰጋቱራው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ይጮኻል፣ ሽንት ግን አይወጣውም፤ አንዴ ደግሞ አልጋው ላይ ጠብ አደረገ። ይህን ቅናት ብሎ ተረጎመው። እንዴት ልቅጣው ብሎ ነበር የጠየቀው። 20ኛዋ፣ ሐኪም ያልሆነች ግን ይህን ያየች ሴት፣ ስልኩን ጥሎ ድመቱን አንስቶ እንዲሮጥ ነገረችው። ወንድ ድመት ሽንት ሲዘጋበት በአንድና በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። የእሷ ሞቶባታል። እሷም ቅናት ብላ ነበር። ሐኪሟ በዚያው ሰዓት ከሥሩ ጽፋ አረጋገጠች። ጭንቀት እንዲህ ያለውን ሊያመጣው እንደሚችል፣ ግን ቅጣት ሳይሆን ክሊኒክ እንደሚያስፈልግ። ሰውየው ማታ ተመልሶ መጣ። ቱቦ ገብቶለት ሽንቱ ወጥቷል። ድመቱ ተርፏል። ቅናት የምንለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዳማ አልተጠቀምኩበትም። እያመማት ሊሆን ይችላል፣ ፈርታ ሊሆን ይችላል። ቅናት ሲባል ግን ሰው መመርመር ያቆማል።

21ኛው የእኔ ነው፤ ኅዳር 4። እስከዚያ የሆነውን ጻፍኩ። ግልገሉን ክሊኒክ ወስጄዋለሁ፤ ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ ሁለት ወር ገደማ አለው። ትል ነበረበት። የመጀመሪያውን ክትባት ወስዷል። እማዬ ጩጬ ትለዋለች፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። የጩጬን ጨርቅ መጀመሪያ ሳስቀምጥላት ዳማ ፍፍፍ ብላበት ሄደች። በሦስተኛው ቀን አሸተተችው። በስድስተኛው ላዩ ላይ ተኛች። የዚያን ቀን እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፣ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን አየናት። ሳህኖቹ ከማድቤቱ በር ግራና ቀኝ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ደርሰው ነበር። ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሥራ ስለማልሄድ በሩን ገርበብ ላደርግ እንዳሰብኩ ጻፍኩ።

22ኛዋ ጨርቆሷ ናት፣ ሳጥን ሠሪዋ። በዚያ ቀን እንዳልሞክረው ለመነችኝ። ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያነዳል፤ ያ ልማድ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ የመጣ ነው። አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። የድመቶቹ ሽታ፣ የጨርቁ ሽታ፣ የኛ ልብስ ሽታ ሁሉ ይለወጣል። ሁለት ሳምንት ያለማመድኩት አፍንጫ በአንድ ጠዋት ይደናገራል። ማንም ይህን አልነገረኝም ነበር፤ የትም ቢጻፍ የሚገኝ ምክርም አይደለም። ከዚህ ሁሉ መልስ ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው። ቀኑን አሳለፍኩት። በዕለቱ ዳማ እንደተባለው አልጋ ሥር ነበር የዋለችው።

23ኛው እንደገና እኔ ነኝ። በሩን የከፈትኩት ኅዳር 14፣ የቅበላ ዕለት ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ ነበር። እማዬ ወጡ ላይ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ለሁለቱም ለየብቻ ቀንሳ አስቀመጠች። በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። ዳማ አየችው። ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ። በላች። እሱም በላ። በሩን ዘጋሁት። አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

24ኛው በማግስቱ ስለ ጾሙ ጠየቀ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ሽሮ ነው፤ ድመቶቹስ? እሱ ቤት በየጾሙ ጠብ ይነሳል። ሐኪሟ ድመት ያለ ሥጋ እንደማትኖር፣ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ካጣች ዓይኗና ልቧ እንደሚጎዳ ጻፈች። ድመት አትጾምም። የምግብ ማነስ ደግሞ ገና ያልተዋወቁትን ያባላል። 25ኛዋ አንዋር መስጊድ አካባቢ የምትኖር ሙስሊም እህት ናት። በእነሱ ዘንድ ድመት ንጹሕ እንስሳ መሆኗን ነገረችን። ለጎረቤቷ ለእትዬ ድመት በየጾሙ ሳንባውን የምትገዛው፣ የምትቀቅለውም እሷ ናት፤ እትዬ ድስታቸውን እንዳያስነኩ። እማዬ ይህን ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ ከግቢያችን ወደ እማማ ፋጤ ቤት ሄደች። የኛም ሳንባ አሁን እዚያ ነው የሚቀቀለው።

26ኛው ስለ ንክሻ ነው፤ አጭር ነው ግን አይዘለልም። ሁለት ድመት ሲጣሉ እጅ አይገባም። ጋቢ ወይም ትራስ በመሃል መጣል ነው። እሱ እጁን አስገብቶ ተነክሷል፣ እጁ አብጦ አንቲባዮቲክ ወስዷል። የድመት ንክሻ ትንሽ መስሎ ውስጥ ይመረቅዛል። የእብድ ውሻ በሽታም አለ፤ ድመትም ይይዛታል። ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ መሄድ። ጉለሌ ያለውን፣ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለውን ኢንስቲትዩትም ጠቀሰ። ግልገሎቹ 12 ሳምንት ሲሞላቸው ለዚህ እንዲከተቡ አሳሰበ። ጩጬ ተከትቧል።

27ኛዋ ያቺ ከካዛንቺስ የተነሳችው ናት። አሁን አብረው ይተኛሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አይተኙም። ዛሬ ታኅሣሥ 8 ነው። ዳማ ቁም ሳጥኑ ላይ የእማዬ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎላት እዚያ ታድራለች፤ ጩጬ እስካሁን መውጣት አይችልም፣ እኛም አናወጣውም። ሰጋቱራ በሁለት ጥግ አስቀምጠናል። ሳህኖቻቸው ተራርቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግን ምንጣፉ ላይ ሁለቱም ይጋደማሉ። በመሃላቸው አንድ ስንዝር አለ። ትናንት ጩጬ ያንን ስንዝር አልፎ ጅራቷን ነከሳት። ዞር ብላ በጥፊ አለችው። ጥፍሯ አልወጣም ነበር። ተመልሳ ተኛች። በጥር ለማኮላሸት ቀጠሮ አስይዣለሁ። የማድቤቱ በር አሁን የሚዘጋው ሌሊት ብቻ ነው።